ያልተቆጠረው ልጅ ሐቅ

 

ዛሬ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። አንድ ሣጥን ክትባት በእጃችሁ ተሰጣችሁ እንበል። በውስጡ ለ100 ልጆች የሚበቃ አለ። በዙሪያችሁ ግን 1000 ልጆች አሉ፤ ሁሉም ያስፈልጋቸዋል። ቀጣዩ ሣጥን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ለማን ትሰጣላችሁ?

ቀድሞ ለመጣው? ቀድሞ የሚመጣው ቤቱ ለጤና ጣቢያው የቀረበው ነው። በዕጣ? ዕጣ አያዳላም፤ ነገር ግን ወባ የማይደርስበትን የደጋ ልጅና በየክረምቱ በወባ የሚንቀጠቀጠውን የቆላ ልጅ አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ? ክትባት እንደ ዳቦ አይቆረስም፤ ከመጠኑ ያነሰ ጠብታ ማንንም ላያድን ይችላል። ለምታውቁት? ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም፤ የሚያደርገው ግን አይጠፋም።

ይህ ጥያቄ ለጨዋታ የቀረበ አይደለም። ድሃ አገሮች ውስጥ የጤና ባለሙያዎች በየጊዜው የሚጋፈጡት ጥያቄ ነው። ዛሬ ዛሬ መልሱን ለማግኘት ኮምፒውተር፣ ካርታና ሳተላይት ይጠቀማሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ሚዛን ናቸው። ሚዛን ደግሞ የሚመዝነው የተጫነበትን ብቻ ነው። ሳይጫንበት የቀረውን ሐቅ ከየት ያመጣዋል?

መዝገብና ፍትሕ

ስም መዝግቦ ማከፋፈል አዲስ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዲዋን የሚባለውን መዝገብ አቋቁመው ከበይተል ማል ለሰዉ የሚሰጠው ድርሻ በስም ተጽፎ እንዲከፈል አድርገዋል። ከእርሳቸው በፊት አቡበክር (ረ.ዐ) የመጣውን ለሁሉም እኩል ያካፍሉ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) ግን ደረጃ አበጁለት፤ በእስልምና የቀደሙት የበለጠ እንዲያገኙ አደረጉ። ሁለቱም ፍትሕን ፈልገዋል፤ መለኪያቸው ግን ተለያየ። እንግዲህ «በፍትሕ እናካፍል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «በምን መለኪያ?» የሚለው ጥያቄ ገና ይቀራል።

የታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ሌላ ነገርም ይዘግባሉ። መጀመሪያ ላይ ለሕፃናት ድርሻ የሚታሰበው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት ዑመር (ረ.ዐ) ከመዲና ውጭ ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። ወደ እናቱ ሄደው እንድታባብለው ነገሯት። ልቅሶው ግን ደጋግሞ ተሰማ። ምን ሆኖ እንደሆነ ሲጠይቋት፣ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። ለምን ብትባል ዑመር ድርሻ የሚሰጡት ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ በመሆኑ ነው። በማግስቱ የፈጅርን ሰላት ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ሰዉ ቂርኣታቸውን መለየት አቃተው ይባላል። ከዚያም ልጆቻችሁን ያለጊዜው ጡት አታስጥሉ የሚል አዋጅ አስነገሩ፤ ድርሻውም ለተወለደ ሕፃን ሁሉ እንዲሆን ወደ ግዛቶቹ ጻፉ።

ይህን ታሪክ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ደንቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያት ነበረው፤ የሚጠባ ልጅ እህል አይፈልግምና። መዝገቡም ትክክል ነበር፤ ማንም አልሰረቀም። ጉዳቱ ግን በመዝገቡ ውስጥ አይታይም ነበር። የተሰማው በእግር ተሂዶ፣ በጨለማ፣ በልቅሶ ድምፅ ነው። ሲሰማም ጥፋቱ ወደ እናቲቱ አልተመለሰም፤ የተቀየረው ደንቡ ነው።

ይህንን በልባችን ይዘን ወደ ዘመናችን እንምጣ።

ሦስት ዓይነት መለኪያ

አንደኛው በሕዝብ ብዛት ማካፈል ነው። የኮቪድ ክትባት ሲወጣ ለድሃ አገሮችም እንዲደርስ ኮቫክስ የተባለ ዓለም አቀፍ ጥምረት ተቋቁሞ ነበር። የመጀመሪያ ደንቡ ቀላል ነበር፦ እያንዳንዱ አገር ከሕዝቡ 20 በመቶ የሚሆነው እስኪዳረስ ድረስ በሕዝቡ ቁጥር ልክ ይሰጠዋል። ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጭነት የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም ሲሆን መጠኑ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ያህል ነበር። ለአንድ ሰው ሁለት ዶዝ ካሰብን 1.1 ሚሊዮን ሰው ማለት ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት አገር ከመቶ ሰው ለአንዱ ብቻ ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ በአገር ውስጥ ሌላ ቅደም ተከተል መውጣት ነበረበት፤ ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎም ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ተሰጠ።

በብዛት ማካፈል ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ክርክርም አያበዛም። ድክመቱ ግን በበሽታው የተጨነቀውንና ፋታ ያገኘውን አገር አንድ ዓይነት አድርጎ ማየቱ ነው።

ሁለተኛው በችግር መጠን ማካፈል ነው። የወባ ክትባት ሲመጣ ፈላጊው ከአቅርቦቱ እጅግ ይበልጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ሌሎችን አማክሮ ደንብ አወጣ። መሠረቱ «በጣም የተቸገረው ይቅደም» የሚል ሆነ። ግን «በጣም የተቸገረ» ማን ነው? ለዚህ ሁለት መረጃዎች ተጣመሩ፦ በየአካባቢው በልጆች ላይ ያለው የወባ ስርጭትና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሞት መጠን። ልብ በሉ፤ የታየው አገሩ በጠቅላላ ብቻ አይደለም፤ በአገሩ ውስጥ ያለው ወረዳም ጭምር ነው። ምክንያቱም በአንድ አገር ውስጥ ወባ የማያውቀው ከተማና ወባ ልጆቹን የሚጨርስበት ቆላ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የአገሩ አማካይ ቁጥር ደግሞ ሁለቱንም ይደብቃቸዋል።

በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 እስከ 2025 ለሚዘልቅ ጊዜ 18 ሚሊዮን ዶዝ ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተመደበ። ክትባቱ ለአንድ ልጅ አራት ጊዜ ስለሚሰጥ ይህ ለ4.5 ሚሊዮን ልጆች ያህል ይበቃል። በደንቡ ውስጥ አንድ ልጓምም ነበር፦ ሌሎች እጅግ የተቸገሩ አገሮች ሳይደርሳቸው አንድ አገር ብቻውን ከጠቅላላው ከ20 በመቶ በላይ እንዳይወስድ። ትልቅ አገር በትልቅ ችግሩ ትንሹን አገር እንዳይውጠው ማለት ነው።

ሦስተኛው ለአንዱ ሙሉ ከመስጠት ለሁለት ሰው ግማሽ መስጠት ነው። የኮሌራ ክትባት በደንቡ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። ለድንገተኛ ወረርሽኝ የሚሆን ዓለም አቀፍ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2013 ተቋቁሟል። በ2022 ግን ወረርሽኙ በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ክምችቱ አልበቃም። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ከነሐሴ ወር ጀምሮ በባሌ በኩል በኮሌራ ተመትታ ነበር። ክምችቱን የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ቡድን በጥቅምት 2022 ለወረርሽኝ ምላሽ ሁለቱ ዶዝ ቀርቶ አንድ ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ። አንዱ ዶዝ የሚሰጠው መከላከያ ዕድሜው ያጠረ ነው፤ ግን በእጥፍ ለሚበልጥ ሕዝብ ይደርሳል። እሳቱ እየነደደ ሳለ ከሁለት ቤት የአንዱን ጣሪያ አሳምሮ ከማዳን ሁለቱንም ለጊዜው ማትረፍ ይሻላል ብለው ማለት ነው።

ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሦስቱም ቁጥር ይፈልጋሉ። የሕዝብ ብዛት፣ የሕመምተኛ ብዛት፣ የሞት ብዛት። ቁጥሩ ከተሳሳተ ደንቡ የቱንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን ውጤቱ ግፍ ይሆናል።

ሚዛኑ የሚሳሳትበት ቦታ

ቁጥር እንዴት ይሳሳታል? በሦስት መንገድ እንየው።

የመጀመሪያው የቆየ ቆጠራ ነው። ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም ነው፤ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ደግሞ በ2000 ዓ.ም። ከዚያ በኋላ ሊካሄድ የታሰበው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ያኔ የተወለዱ ሕፃናት ዛሬ ወጣቶች ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተወለደ፣ ስንቱ ተፈናቀለ፣ ስንቱ ወደ ከተማ ፈለሰ! ዕቅድ የሚወጣው ግን ከዚያ ቆጠራ ተነስቶ በተሰላ ግምት ነው።

ጉዳቱን በምሳሌ እንየው። በአንድ ወረዳ በግምቱ መሠረት 800 ሕፃናት አሉ ተብሎ 800 ክትባት ተላከ እንበል። በእውነት ያሉት ግን 1000 ናቸው። ባለሙያዎቹ ለፍተው 800ውን ከተቡ። ሪፖርቱ «100 በመቶ» ይላል። አለቃው ይደሰታል፤ ካርታው ላይ ወረዳው አረንጓዴ ይቀባል። 200ዎቹ ልጆችስ? ክትባት ብቻ አይደለም ያጡት፤ ማጣታቸው ራሱ የማይታይ ሆነ። በሚቀጥለው ጊዜ ክትባት ሲመደብ «እዚያ ተዳርሷል» ተብሎ ወደ ሌላ ይላካል።

ሁለተኛው ዝምታን እንደ ጤና መቁጠር ነው። ሪፖርት የማይመጣበት ወረዳ በኮምፒውተሩ ላይ «0 ሕመምተኛ» ሆኖ ይታያል። ከግመሎቹና ከፍየሎቹ ጋር ውሃና ሣር ተከትሎ የሚዘዋወር አርብቶ አደር፣ መንገድ የማይገባበት ቀበሌ፣ በግጭት የተዘጋ አካባቢ፣ እነዚህ ሁሉ ዝም ይላሉ። ዝም ያሉት ስላልታመሙ አይደለም፤ የሚጽፍላቸው ስለሌለ ነው። ሰሜን ናይጄሪያ ይህን በከባድ ዋጋ ተምራለች። በመስከረም 2015 አገሪቱ ፖሊዮ ዘወትር ከሚገኝባቸው አገሮች ዝርዝር ወጣች፤ ከአንድ ዓመት በላይ አንድም ሕመምተኛ አልተመዘገበም ነበር። በነሐሴ 2016 ግን በጦርነት በተዘጋው በቦርኖ ግዛት ልጆች በፖሊዮ ሽባ ሆነው ተገኙ። ቫይረሱ ሲመረመር ለዓመታት ማንም ሳያየው ሲዘዋወር የኖረ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛው ጥሩ የሚመስል ደንብ በውስጡ የሚሸሽገው ጉድለት ነው። ይህ በሀብታም አገርም ይከሰታል። በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ሆስፒታል የመጀመሪያዎቹን 5000 የኮቪድ ክትባቶች በአልጎሪዝም፣ ማለትም ነጥብ እየሰጠ በሚያሰላ ቀመር ደለደለ። ዕድሜ ነጥብ ያሰጣል፤ የሥራ ክፍልም ነጥብ ያሰጣል። በሥልጠና ላይ ያሉት ሬዚደንት ሐኪሞች ግን ወጣቶች ናቸው፤ ከክፍል ወደ ክፍል ስለሚዘዋወሩም ቋሚ የሥራ ቦታ አልተጻፈላቸውም። ከ1300 በላይ ከሆኑት መካከል ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት 7 ብቻ ነበሩ፤ የኮቪድ ሕሙማንን ፊት ለፊት የሚያክሙት ግን እነርሱ ነበሩ። ተቃውሞ ሲያሰሙ አስተዳደሩ ይቅርታ ጠየቀ። ለአንድ ባለሙያ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ መቆሙ ነጥብ ሳያሰጠው፣ ቋሚ ቢሮ ማጣቱ ወደ ኋላ አስቀረው።

ውድ አንባቢዎች፣ «ኮምፒውተሩ ነው የወሰነው» የሚል ሰው ብትሰሙ አትቀበሉት። ኮምፒውተር አይጠየቅም። የሚጠየቀው ቀመሩን የጻፈው፣ ቁጥሩን የሞላውና ውጤቱን ሳያጣራ የፈረመው ሰው ነው።

መሣሪያው ሲያግዝ

ታዲያ መሣሪያውን እንተወው? አይደለም። ያችው ሰሜን ናይጄሪያ መልሱንም ታሳየናለች። በ2012 በዓለም ላይ ከተመዘገቡት የዱር ፖሊዮ ሕሙማን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በናይጄሪያ ነበሩ። ከታቾቹ የሚመሩት በእጅ በተሳለ ካርታ ነበር። በዚያ ካርታ ላይ የሌለ መንደር ደግሞ ማንም አይደርስበትም። ከዚያ የሳተላይት ምስል መጣ። ከላይ ሲታይ ጣሪያ አለ፤ ጣሪያ ካለ ቤተሰብ አለ። በእጅ ካርታው ላይ ያልነበሩ ብዙ መንደሮች ተገኙ። ከታቾቹ ጂፒኤስ ያለው ስልክ ይዘው እንዲወጡ ተደረገ፤ ማታ ሲመለሱ የቱ መንደር እንደተረገጠና የቱ እንደቀረ ካርታው ላይ ይታያል። የቀረው በማግስቱ ይሄዱበታል።

ግን ሳተላይት ጣሪያውን እንጂ የእናትን ልብ አያይም። በ2003 በካኖ ግዛት ክትባቱ በጥርጣሬ ምክንያት ታግዶ ነበር፤ በዚያም ፖሊዮ ወደ ሌሎች አገሮች ጭምር ተዛምቷል። ያንን ጥርጣሬ ካርታ አልፈታውም። የባህል መሪዎችና የመስጂድ ኢማሞች ከቤት ቤት ሄደው፣ ጠይቀው፣ መልስ ሰጥተው፣ አንዳንዶቹም በሕዝብ ፊት የራሳቸውን ልጆች አስከትበው ነው የተፈታው። ነሐሴ 25 ቀን 2020 አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኗ ሲረጋገጥ ካርታውም ሽማግሌውም ድርሻ ነበራቸው።

ሕፃኑ በመዲና ዳርቻ ሲያለቅስ የሰማው መዝገቡ አልነበረም፤ በእግሩ የሄደ ሰው ነው። ካርታ የሚጠቅመው ወደየት እንደምንሄድ ሲነግረን ነው። እንዳንሄድ ምክንያት ሲሆነን ግን ይጎዳናል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

«ይህ የባለሥልጣንና የሐኪም ጉዳይ ነው» እንዳትሉ። እያንዳንዳችን በዚህ ሚዛን ላይ እጃችን አለበት።

1. ሪፖርት የምትሞሉ ወንድሞችና እህቶች፦ ያልከተባችሁትን ልጅ «ተከትቧል» ብላችሁ አትጻፉ። አለቃ ይቆጣል፣ ዕቅድ አልተሟላም ይባላል፤ እናውቃለን። ግን ያ አንድ የውሸት ምልክት የአንድን ልጅ ቀጣይ ክትባት ይወስድበታል። ቁጥር አማና ነው። አለቆችም፣ እውነተኛውን ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣውን ሠራተኛ አታሸማቅቁት፤ ውሸትን የምታስተምሩት እናንተ እንዳትሆኑ።

2. ዘመድና ትውውቅ ያላችሁ፦ ክትባት ሲያጥር በጓሮ በር አትግቡ። በሰልፍ ላይ የሚቀማው ቦታ የማንም ያልሆነ ቦታ አይደለም፤ ስሙን የማታውቁት የአንድ ሰው ሐቅ ነው።

3. ወላጆች፦ የልጃችሁን ልደት አስመዝግቡ፤ የክትባት ካርዱን ጠብቁ። ቤት ስትቀይሩ አዲሱ ቀበሌ ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ንገሯት። ልጃችሁ ሲቆጠር ለእርሱ ብቻ አይደለም፤ ለሰፈሩ የሚላከው መጠን ይስተካከላል።

4. የሰፈር ሽማግሌዎች፣ ኢማሞችና የጀማዓ ሰዎች፦ ማን እንደቀረ ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከወንዙ ማዶ የሰፈሩትን፣ ተፈናቅለው ዘመድ ቤት የተጠጉትን፣ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችን ልጆች፣ አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ቤት ውስጥ የደበቁትን ታውቃላችሁ። ወደ ጤና ኬላው ሄዳችሁ ንገሩ። ዝርዝር ስትሰጡ ግን የራሳችሁን ወገን አታብዙበት፤ የሰውንም ሕመም ለወሬ አታውሉት።

5. ሁላችንም፦ ደንቡ ምን እንደሆነ እንጠይቅ። ማን ቀድሞ እንደሚያገኝና ለምን እንደሆነ በጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ሰው በሚረዳው ቋንቋ ይለጠፍ። ተዘለልኩ የሚል ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ይኑረው። የተደበቀ ደንብ ትክክል ቢሆን እንኳ አይታመንም።

በመጀመሪያ ወደ ጠየቅናችሁ እንመለስ። 100 ክትባት፣ 1000 ልጆች። ለዚህ ሁሉንም የሚያስደስት መልስ የለም፤ 900 ልጆች ይቀራሉ። ፍትሕ ማለት የሚቀር ሰው እንዳይኖር ማድረግ ሳይሆን፣ የቀረው ልጅ ለምን እንደቀረ ማወቅ፣ ለእናቱ በፊቷ ቆሞ ማስረዳት መቻል፣ ስሙን ጽፎ በሚቀጥለው ሣጥን ማስቀደም ነው። ከ900ው ይልቅ የሚያስፈራው ከ1000ውም ውስጥ ያልተቆጠረው ነው። እርሱ ተራ እንኳ የለውም።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እናድርግ። በሰፈራችን ክትባቱ ያለፈው፣ ካርድ የሌለው፣ ማንም ያልጻፈው አንድ ልጅ እንፈልግ። አንድ ብቻ። ስሙን ይዘን ወደ ጤና ኬላው እንሂድ።

አላህ በሚዛን ከሚያጎድሉት አያድርገን። የተረሱትን የምናስታውስ፣ አማናን የምንጠብቅ ያድርገን። ልጆቻችንን ከበሽታ ይጠብቅልን፤ በየገጠሩ በእግራቸው ለሚደክሙት የጤና ሠራተኞች ብርታቱን ይስጣቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።